ባዶ ምሳ ዕቃ የምትጠብቀው ሴት

«እማማ! እማማ... ወደ ፊት ይምጡ እንጂ! እርስዎን እዚያ ማን አቆመዎት?»

እንዲህ የሚጮኸው ወልደሰንበት ነው... በደርግ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ኮልፌ ውስጥ በአንድ ቀበሌ እስር ቤት በር ላይ የቆመ አብዮት ጥበቃ። ለበሩ ገና አዲስ ነው።

ሴቶች ለእስረኞቻቸው ምግብ ይዘው ተሰልፈዋል።

ከሰልፉ መጨረሻ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሴት ቆመዋል።

«ኧረ አሳልፏቸው! እናታችን ቆመው እናንተ ትቀድማላችሁ?»

«እኔም ነገ ፀጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሼ እመጣለሁ!» አለች አልማዜ የምትባል ተሰላፊ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ... ሴትየዋ ግን አልሳቁም። ከአስኮ በእግራቸው ይዘውት የመጡትን ምሳ ዕቃ አቀበሉት።

«ለማን ነው እማማ?»

«ለጥሩሰው።»

«ልጅዎ ነው?»

አንገታቸውን ደፉ...

ወልደሰንበትም ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ያስቀድማቸዋል። እሳቸው ግን ምግቡን ሰጥተው አይሄዱም... የበሩን ብረት ጨብጠው ባዶው ምሳ ዕቃ እስኪመለስ ይቆማሉ።

እዚያ በር ላይ ሴቱ ሁሉ የሚፈራው አንድ ቃል ነበር...

«ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ።»

ይህን የሰማች ሴት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። የሚበላው ሰው የለም ማለት ነው።

እኚህ ሴት ባዶው ዕቃ ሲመለስላቸው ትንፋሻቸውን ይለቃሉ... «እግዜር ይስጥህ» ይሉና ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብለውት አያውቁም።

አንድ ጠዋት የሚፈቱ ሰዎች ስም ተጠራ... ጥሩሰው አለበት!

ወልደሰንበት እየሮጠ ገባ።

«ጥሩሰው! ተነስ፣ ተፈተሃል! እናትህ በር ላይ ናቸው!»

የጥሩሰው ፊት ዐመድ መሰለ።

«ወንድሜ... አትቀልድብኝ። እናቴን የቀበርኳት በልጅነቴ ነው።»

«ታዲያ ምግብ የሚያመጡልህ አሮጊት ማን ናቸው?»

«የምን አሮጊት? የምታመጣልኝ ሚስቴ ሰርኬ ናት... ሠላሳ እንኳ አልሞላትም!»

ተያይዘው ወደ በሩ ወጡ።

ጥሩሰው ሲታሰር የሚስቱ ፀጉር ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር። አሁን ያየውን አይቶ... በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሰርኬ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«አትየኝ ጥሩዬ... እናትህን መስያለሁ። እኩያህን ፈልግ ብትባል አልቀየምም።»

ወልደሰንበት አፉን ይዞ ቀረ።

«አንቺ ልጅ... ታናሼ ነሽ እኮ! እማማ ስልሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ስታስቀድመኝ በሕይወት መኖሩን ቶሎ አውቃለሁ... ብነግርህ ወደ ኋላ ትመልሰኝ ነበር።»

ጥሩሰው ይህን ሲሰማ ዕንባው መጣ።

«እኔ ውስጥ ሆኜ በሕይወት መኖሬን አውቅ ነበር። አንቺ ግን በየቀኑ ስትቀብሪኝ ከረምሽ... የምን እኩያ ነው የምትፈልጊልኝ?»

ነጠላውን ገለጠና ሽበቷን ሳመው።

ከዓመት በላይ አለፈ...

ወልደሰንበት 18 ማዞሪያ ፌርማታው ላይ ባልና ሚስቱን አገኛቸው። «እማማ» ሊል ብሎ ዋጠው።

ትከሻዋ ቀንቷል። ፀጉሯ ደግሞ... ጫፉ ነጭ፣ ከሥሩ ግን ጥቁር!

«ቀለም ተቀብተሽ ነው?»

«የምን ቀለም! መተኛት ስጀምር ራሱ እንዲህ ሆኖ ይበቅል ጀመር።»

ወልደሰንበት አማተበ።

«አንድ ራስ ላይ... ሁለት ዕድሜ!»

ወዳጆቼ... ሁሉም ሽበት እንዲህ አይመለስም፤ የሰርኬም ጉንጭ እንደ ድሮው አልሞላም። ነገር ግን ጭንቀት እንዲሁ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ሥጋና ደም ውስጥ ገብቶ ዕድሜ ይበላል። ሐኪሞችም ይህንኑ ይላሉ። የፈጣሪ ሥራ የሚገርመው፣ ሰውነት ዕረፍት ሲያገኝ ከተበላው ጥቂቱን ሊመልስ መሞከሩ ነው።

ያለ ዕድሜው ያረጀ ሰው ስታዩ ዕድሜውን አትጠይቁ... ማንን ሲጠብቅ እንደኖረ ጠይቁት።

እስቲ እናንተስ... ስለ እናንተ ሲጨነቅ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ማን ነው? ስሙን ጻፉልን... ዛሬ ደውላችሁ «ደህና ነኝ» አላችሁት?