ገንፎው የማን ነው

ፍሬገነት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ለምጥ የተማረችውን አተነፋፈስ ትለማመዳለች። እናቷ ወይዘሮ አስካለ አጠገቧ ሆነው የአራስ ገንፎ ዱቄት ይነፋሉ። ምጥን ለሌላ ሰው መስጠት ከተቻለ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ማን እንደሚያምጥላት እስከ ነገ ለጤና ጣቢያው መንገር አለባት።

«አንቺ ተኚ፤ እኔ አምጥልሻለሁ» አሉ እናቷ።

«ታዲያ ጎረቤት ሲመጣ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› የሚለው ማንን ነው?»

«እኔን ነዋ። አንቺንማ ከምኑ ትማርሽ?»

ፍሬገነት ሳቀች። «ገንፎውንስ ማን ይበላል እማዬ?»

የእናቷ ወንፊት ቆመ።

«አንቺን ስወልድ ያማጠችልኝ አክስትሽ ናት» አሉ ዱቄቱን እያዩ። «ገንፎውንም እሷ በላች። እስከ ዛሬ ‹ልጄ› ብላ ስትስምሽ አፌ ይያዛል። እኔ እኮ አምጬ አላውቅም፣ ፍሬ።»

ፍሬገነት ግራ ገባት። ስጦታ የመሰላት ነገር ለካ ልመና ነበር። ምጧን ብትሰጣቸው አንድ ቀን የራሷም አፍ የሚያዝ መሰላት፤ ልትከለክላቸው ደግሞ አንጀቷ አልቻለም።

ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አራግፈው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ ትንፋሹን አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው አብረው ተነፈሱ፤ ለማናቸው ምጥ እንደሚለማመዱ ግን ፍሬገነት አላወቀችም።