ጉሙ እስኪገፈፍ

ጣርማ በር ላይ መኪና ሲገለበጥ ሮጦ ሰው መጎተት ከቀረ ቆየ። አሁን የተገለበጠው መኪና ራሱ ውስጡ ያለውን ሰው ቆልፎ ይይዝና «አትንኩ፤ የነፍስ አድን ማሽኑ እየበረረ በመምጣት ላይ ነው» ይላል። የነካ ይታሰራል። ማሽኑ ብረቱን እንደ ጎመን ቀርድፎ፣ አከርካሪ ሳያናጋ ሰውየውን ያወጣዋል። ምን ያደርጋል፣ ጉም ውስጥ አይበርም።

አንድ መኪና መታጠፊያው ላይ በተገለበጠበት ጠዋት ደግሞ ጉሙ አገሩን ውጦታል። ስንዱ ቤቷ ከመታጠፊያው አፋፍ ላይ ስለሆነ በጣሳ ውኃ ይዛ ቀድማ ደረሰች። የመኪናው መስታወት ረግፏል፤ ውስጥ የተጣበቀው ወጣት ክንዱን በመስኮቱ አውጥቷል።

«እናቴ፣ ውኃው ይቅር። እጄን ብቻ ያዢኝ።»

«አትንኩ» አለ መኪናው።

ስንዱ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ «አይዞህ ልጄ፣ አሁን ይገፈፋል» አለችው። ደጋግሞ ለመናት፤ ከዚያ መለመኑን ተወ።

ቀትር ላይ ጉሙ ተገፈፈ። ማሽኑ ወርዶ አንዲት አጥንት ሳያነቃንቅ አስከሬኑን አወጣና እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ አስተኛው።

ቤት ስትገባ ባሏ ጥላዬ እንደተኛ ነው። ከዓመታት በፊት ጎረቤት ተረባርቦ፣ እሷም አንድ እጁን ይዛ፣ ከዚያው መታጠፊያ ጎትተው ካወጡት ወዲህ ከአንገቱ በታች ቢቆርጡትም አይሰማውም። ወጣቱ ያልጠጣውን ውኃ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«ነካሽው?» አላት።

«አልነካሁትም።»

«ደግ አደረግሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ፈልጋ ያዘችው። ጥላዬ መያዟን አላወቀም።