ማስኩ ደህና ነው

ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ፣ በጋሼ ጉልላት ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለው ማስክ አንድ ብቻ ነበር። ጥቁር ጎማ ነው፤ ግራና ቀኝ ማጣሪያ አለው። የማሽኑን ሮለር በቲነር የሚያጥብ ሁሉ እሱን ያድርግ የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

አጣቢዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጠዋት ኤርካሎ፣ ከሰዓት እታፈራሁ። ኤርካሎ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። እታፈራሁ ከገባች ሦስት ወሯ ነው፤ ማማረር የጀመረችው ግን በሳምንቷ ነው።

ማስኩ ያስገባል ትላለች። ቲነሩ ጉሮሮዋን ይከረክራታል፣ ራሷን ያዞራታል። አዲስ ይገዛልን ብትል ጋሼ ጉልላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኤርካሎ በዚያው ማስክ እየሠራ አይደል? ነገረኛዋ ሴትየዋ ናት፤ በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም አላት።

እውነትም ኤርካሎ ለብቻው የተፈጠረ ሰው ነው። በጥር አንድ ጀሪካን ቲነር ተደፍቶ ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ሲሮጥ፣ እሱ ወረቀቱን መደርደሩን አላቋረጠም። ሌሎቹ ቀምሰው የመለሱትን የከረመ ወጥም ጥርግ አድርጎ በልቷል። ሆዱ ብረት ነው ብለው ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

እታፈራሁ በመጨረሻ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤቱታ ጻፈች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ሁለት ናቸው። እንጀራዋን ማጣት ያስፈራታል፤ ሳንባዋን ማጣት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ጋሼ ጉልላት በገነ። የግንቦት ሃያ ፖስተር ደርሶበታል፤ ማሽኑ ከቆመ አለቀለት። ይመርመር አለ፤ ማስኩ ከተበላሸ ሥራው ይቁም፣ ደህና ከሆነ ግን ስሜን አጥፍታለችና ትውጣ። እታፈራሁም ተስማማች።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች። 

የቢሮው ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ማክሰኞ መጡ። መመርመሪያ መሣሪያ የሚሰጣቸው ስለሌለ የራሳቸውን ዘዴ ይዘው ነው የመጡት፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ። ውስጡ ከቤታቸው ያመጡት፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት የቃሪያ ድልህ፣ ዳጣ ነው። ማስኩን አድርጎ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ከሸተተው ማስኩ ያስገባል፤ ካልሸተተው ደህና ነው። ለሠራተኞቹ ምን እንደሆነ አልነገሯቸውም።

ኤርካሎ ደጅ እንዲጠብቅ ተደረገ። የእታፈራሁን የማስክ ማሰሪያ ተቆጣጣሪዋ ራሳቸው አጠበቁላት። ክዳኑ እንደተከፈተ ዳጣ ነው አለች።

ጋሼ ጉልላት ሳቀ። "ዳጣ ሳይበላ የሚውል የሶዶ ሰው የታለ? የራሷ ትንፋሽ ነው፤ እዚያው ታፍኖ እየሸተታት።"

ምሳሽን ምን በላሽ ተባለች። እታፈራሁ መዋሸት አልሆነላትም፤ ሥጋ በዳጣ ነበር።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ተቸገሩ። ይህን የሚፈታው ሁለተኛው ሰው ነው ብለው ኤርካሎን አስጠሩት። ማስኩን አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ብልቃጡን አስጠጉለት፤ ምንም አለ። ዳጣውን በማንኪያ እያማሰሉ ጎማው ሥር ያዙለት፤ ምንም አለ። የእታፈራሁ ፊት አመድ መሰለ።

"ኤርካሎ ወንድሜ፣ ስለ ልጆቼ ብለህ እውነቱን ተናገር" አለችው።

"እህቴ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፤ ምንም አይሸተኝም።"

ማስኩን ሲያወልቅ የታየው የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። እሷም አየችው፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ተቆጣጣሪዋ "ማስኩ ደህና ነው" ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። ጋሼ ጉልላት የስንብት ወረቀቱን ቀድሞ አሳትሞ ነበር። እታፈራሁ ተቀብላ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች።

ኤርካሎ ሴትየዋን እንጀራ ያሳጣት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አማረው፤ አሁን ያለ ማስክ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ክፍት ብልቃጥ አነሳ፣ አፍንጫው ሥር አስጠጋው፣ እንደገና ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበና፣

"ባዶ ነው እንዴ?" አለ።