ከአጥሩ ማዶ ያለው ሳር

ቨርሊን ባርኔጣውን እያወናጨፈ ሳሩ ውስጥ ሮጠ። ላሞቹ ቀና ብለው አዩትና መልሰው አቀረቀሩ። ተርበው የከረሙ ከብቶች ወገብ ድረስ የቆመ ሳር ውስጥ ገብተው በማን ጩኸት ይወጣሉ? ዘንድሮ በአሜሪካዋ ዳኮታ ዝናብ ጠፍቷል፤ የእነሱ ግጦሽ አፈር ብቻ ሆኗል።

የአጥሩን በር ከፍታ ያስገባቻቸው ሚስቱ ላቮን ናት። በሩን እንደያዘች ቆማለች፤ ለመዝጋትም አልቸኮለችም። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና መጥቶ መንጋውን ወደ ጨረታ ይወስደዋል። መኖ ስለጠፋ መሸጡ ግድ ሆኗል።

«አንድ ቀን እንኳ ጠግበው ይሂዱ ብዬ ነው» አለችው። «የገዛ መሬታችን አይደለም እንዴ?»

መሬቱስ የእነሱ ነው። ግን አፈሩ እንዳይሸረሸርና ወፎች እንዲፈለፍሉበት፣ ሳይታረስና ሳይጋጥ ሳር ለብሶ እንዲቆይ መንግሥት በየዓመቱ ይከፍላቸዋል። የወፎቹ ወቅት ሳያልፍ ከብት ከገባበት ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ እስከዛሬ የተቀበሉት ሁሉ ከነወለዱ ተመላሽ ነው። ያንን ገንዘብ ደግሞ ባንኩ በዕዳቸው ከወሰደው ቆየ፤ ቢጠየቁ የሚቀራቸው ቤታቸውን መሸጥ ነው። በሬ ሳሩን እንጂ ገደሉን አያይም ይባላል። ቨርሊንም የፈረመ ዕለት ያየው ሳሩን ነበር።

በጠጠሩ መንገድ ላይ አቧራ ተነሣ። የአርላን መኪና ነው። አርላን ጎረቤታቸው ነው፤ ገበሬው መርጦ፣ ውል ባፈረሰ ላይ የሚፈርደው የወረዳው እርሻ ኮሚቴ ውስጥ ካስገባቸው ሰዎች አንዱ። ቨርሊንም ድምፁን የሰጠው ለእሱ ነው፣ ያውም «የኛን ችግር የሚያውቅ ሰው ይሁን» ብሎ። አሁን ያ ማወቁ አስፈራው።

ከመሬት ዱላ አነሣና ላሞቹን መታቸው። በከብት ላይ እጁን አንሥቶ የማያውቅ ሰው ጎናቸውን መታ፣ እናታቸውን ሰደበ። እያለቀሰ ይሁን እያላበው ለራሱም አልለየለትም። ላቮን ይህን ስታይ አንጀቷ አልቻለም፤ ገብታ እያጨበጨበች ትነዳለት ጀመር። የመጨረሻዋ ላም ወጥታ በሩ እንደተዘጋ አርላን ደረሰ።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቨርሊንን ከላይ እስከ ታች አየው። «ምነው ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜህ ሩጫ ጀመርክ?»

«ሐኪም አዞልኝ ነው» አለ ቨርሊን፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

አርላን ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ አጥሩን ተሻግሮ የተረገጠው ሳር ላይ ሲያርፍ ሳቁ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ባለፈው ዓመት በእህቱ ባል ላይ መፍረዱን፣ ሰውየው እስከዛሬ ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ እንደማይቀመጥ ነገራቸው። ለምን እንደሚነግራቸው ሦስቱም ያውቃሉ።

በዚህ መሃል ሩቢ የምትባለው አሮጊቷ ቀይ ላም ከመንጋው ተለይታ ወደ ቨርሊን መጣች። እናቷ ስትሞት በጡጦ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሲቆም ባየችው ቁጥር ትመጣለች። ታላምጣለች። ረጃጅም አረንጓዴ ሳር ከአፏ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል።

አርላን መሪውን እንደጨበጠ አያት።

«የተረገጠውን ነፋስ አስተኛው እላለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእሷን አፍ ግን ምን ልበለው?»

ከዚያ ፊቱን ወደ ማዶው መንገድ አዞረ። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

ላቮን «ተዋት፣ ቨርሊን» አለች።

አልተዋትም። በአንድ እጁ መንጋጋዋን ይዞ፣ ጣቶቹን ጥርሷ መሃል አስገብቶ፣ በምራቅ የራሰውን ሳር ጎትቶ አወጣና ከአጥሩ ማዶ ወረወረው። ሩቢ አልታገለችውም። ሌላ ነገር የሚሰጣት መስሏት አፏን እንደከፈተች ጠበቀችው።