ቀዩ ታንከር

ዱዌይን ቁልፉን ሊያዞር ሲል የቤንዚን ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው። ከፒክአፑ ዘሎ ወረደ። አባቱ ከእርሻው ቀይ የነዳጅ ታንከር የሳበውን ቱቦ ከመኪናው ገና አላወጣም።

«ሞልቼልሃለሁ» አለ ሽማግሌው እንደተኮሳተረ። «እስከ ሬጃይና ከተማ የትም አትቆምም።» ልጁ መንገድ በወጣ ቁጥር መሙላት የቆየ ልማዱ ነው። የፊት መስታወቱንም ወልውሎታል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ቤንዚን ነው!»

«እና ውሃ ልሙላልህ?»

የዱዌይን ደም ፈላ። ክረምቱን ሙሉ መኪናው ሥር ተኝቶ የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ ገጥሞበታል። ዛሬ ቁርስ ላይ እንኳ ሽማግሌው «እንደ ትራክተር የሚያስል መኪና» እያለ ሲያንጓጥጠው ነበር።

«ናፍጣው ቢጫው ታንከር ውስጥ ነው! ሞተሬን ልትገድለው ነው?»

አባቱ ቱቦውን አየ። ቀዩን ታንከር አየ፤ ከዚያ ቢጫውን። ዱዌይን አባቱ ፊት ላይ አይቶት የማያውቀውን ፍርሃት አየ።

«ሆን ብዬ ነው» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ።

ዱዌይን የተወለወለውን መስታወት አየ፤ ሞተር ሊገድል የመጣ ሰው መስታወት አይወለውልም። ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«አውቄዋለሁ!» ብሎ ጮኸ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «አንተ ክፉ ሽማግሌ! ድሮም ይሄን ሞተር ጠልተኸዋል!»

አባቱ ወገቡን አቀና።

«አዎ፣ ጠልቼዋለሁ» አለ፤ ፍርሃቱ ከፊቱ ጠፍቶ ቱቦውን ከመኪናው መዘዘ።