የአባት ምርቃት

የሙሽራዋ አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። ልጃቸው በዋዜማው፣ "አባባ፣ የሙሽራው ሰዎች ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት፤ አነጋገርዎ አይገባቸውም። እርስዎ እጅዎን ብቻ ይዘርጉ፣ ምርቃቱን መድረክ መሪው ይለዋል" ብላቸው ነበር። እንደከፋቸው ስታይ፣ "እስቲ እኔን ብቻ ይመርቁኝ" ብላ ስልኳን አስጠጋችላቸው። ለማስታወሻ የምትቀዳው መስሏቸው፣ እርፍ ጨብጠው ሲያሰላስሉት የከረሙትን ቃል አንድ ሳያስቀሩ አሉላት።

አሁን ብቸና ካለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ መድረክ መሪው ማይኩን አነሣ። ድምፁን አጎርንኖ፣ ቃሉን እንደ ባላገር እየጎተተ፣ "ደጃችሁ እንግዳ አይጣ፤ የምትወልዱት ልጅ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ አፉን ይፍታ" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የአዲስ አበባዎቹ እያጨበጨቡ ሳቁ፤ የብቸና ሰዎችም አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ።

ቃሉ በልጃቸው ስልክ የተቀዳው የራሳቸው ነበር። እጃቸው እንደተዘረጋ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩዋት። አበባዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰላቸው። አበባውን ዝቅ ስታደርገው ግን እንደ ሰዉ ሁሉ እየሳቀች ነበር።

እንግዶቹ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ "አሜን" አሉ። እሳቸውም አሜን አሉ፤ አነጋገራቸውን ማንም እንዳይሰማው በከንፈራቸው ብቻ።