ጋሽ ጣሃ ዓይናቸውን ጨፍነው የመረጡት መኪና

“እስቲ ሁለቱንም አስነሡና በየተራ በአጠገቤ ንዱልኝ” አሉ ጋሽ ጣሃ።

ይህን ብለው ከመኪና መሸጫው ከዲለሩ ሕንፃ ጥግ ሄደው ቆሙ… ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ… ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ሻጩ ግራ ገብቶት መኪናውን ሊገዛላቸው የመጣውን ልጃቸውን መርዋንን አየው። መርዋን ትከሻውን ሰበቀ።

ሁለቱም ትናንሽ ፒካፖች ናቸው። መልካቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። ልዩነታቸው አንዱ በቤንዚን ብቻ ይሄዳል፣ ሌላው ሀይብሪድ ነው… ከቤንዚኑ ጋር ባትሪም አለው።

ሀይብሪዱ አለፈ።

“ለምን አይነዳውም?” አሉ ጋሽ ጣሃ… ጭራሽ አልሰሙትም።

የቤንዚኑ ሲመጣ ግን ገና ከሩቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይኸኛው ይሁን።”

መርዋን ሳቁ መጣ። አባቱ ኮሎምበስ ውስጥ ቤት ሲቀቡ ያረጁ፣ ስንት ባልዲ ቀለም ለስንት ክፍል እንደሚበቃ በር ላይ ቆመው የሚናገሩ፣ በከንቱ የበራ አምፖል እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ናቸው።

ወደ ዲለሩ ሲመጡ መንገድ ላይ ያስረዱትም ራሳቸው ነበሩ። ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያለ ለሚነዳ ሰው ሀይብሪዱ ይሻላል፣ ዋጋው ቢበልጥም በነዳጅ ይክሰዋል ብለው።

“አቢ፣ ሂሳቡን የሠራኸው አንተ እኮ ነህ።”

“ሂሳቡ ልክ ነው።”

“ታዲያ?”

“ድምፁ ደስ አለኝ።”

“በዚህ ዕድሜህ የመኪና ሬስ ልትገባ ነው?”

ጋሽ ጣሃ ፈገግ አሉ። ልጃቸው እንዳልተዋጠለት ሲያዩ ለዛሬ ይቅር፣ አሮጌዋ ገና ትሠራለች ብለው ወደ ቤት ተመለሱ።

አሮጌዋ… በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሆዷን በልቷታል። የጭስ ማውጫዋ ተቀዶ፣ ወደሚኖሩበት ወደ ፎረስት ፓርክ ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል።

መርዋን ወደ ቤቱ፣ ኮሎምበስ ዳር ወዳለችው ደብሊን ሲነዳ መንገዱን ሙሉ አሰበ። በመጨረሻም ገባው… ወይም የገባው መሰለው።

አባቱን ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ልጄ በእኔ ምክንያት ብዙ አያውጣ ብለው ነው ርካሹን የመረጡት።

የእኛ ሰው ደግሞ “ይቅርብኝ” ሲል፣ “በሞቴ” ተብሎ ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ አሮጌዋን ሰርቪስ ላስደርግልህ ብሎ ወሰዳት… ሀይብሪዱን እየነዳ ተመለሰ። አሮጌዋን ትሬድ ኢን አድርጓታል… ለዲለሩ ሰጥቶ ዋጋዋን ከአዲሱ ላይ አስቀንሷል።

ጋሽ ጣሃ መኪናውን ቆመው አዩት። የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ… የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ዋጡት። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት።

እናቱ ሃጀርም ወጡ። መኪናውን ከፊት መብራቱ እስከ ኋላው ድረስ በእጃቸው ዳሰሱት።

“ማሻአላህ… እንዴት ያምራል” አሉ።

መርዋን በዚያ ቀን ከእሱ የተሻለ ልጅ ያለ አልመሰለውም።

ኖቬምበር ላይ ሶፋ ሊያጓጉዝ ፒካፑን ተዋሰ። አባቱን ሬይኖልድስበርግ ሥራ ቦታቸው አደረሳቸው። ሶፋውን አድርሶ ሲጨርስ፣ አባቱን ከማምጣቱ በፊት እናቱን ሰላም ሊል ጎራ አለ።

እናቱ በር ላይ፣ ውጭ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የአባቱን ጃኬት ደርበዋል። በረዶው ማካፋት ጀምሯል።

ፊት ለፊታቸው አቆመ… አልተንቀሳቀሱም።

ወርዶ የመኪናውን በር ሲዘጋ ደንገጥ ብለው ተነሡ።

“ጣሃ? መቼ ገባህ?” አሉ ሻሻቸውን በችኮላ እያስተካከሉ።

እያዩት ነበር። ግን አላዩትም።

“ኡሚ… እኔ ነኝ።”

የእናቱ እጅ ሻሹ ላይ እንዳለ ቀረ።

ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደው ከርሟል። ልጁ ገና አዲስ ሥራ ላይ ነው፣ እንዳታስጨንቀው ብለው ባላቸውን አስምለዋቸዋል። ቤቱን በቃላቸው ያውቁታል። መርዋን ደግሞ እሁድ እሁድ ይመጣል… ስልኩን እያየ በልቶ ይሄዳል።

“በዚህ ብርድ ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?”

“አባትህን እጠብቃለሁ። አሮጌዋን ገና ማዕዘኑ ላይ ስትታጠፍ እሰማት ነበር። እሱ እስኪደርስ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻሼን አስተካክዬ፣ በሩ ላይ ቆሜ እቀበለዋለሁ። ይኼኛው ሳልሰማው ይደርሳል። ውጭ ስሆን ነው የጎማው ድምፅ ትንሽ የሚሰማኝ።”

“ክላክስ አያደርግም?”

“ያደርጋል። ግን በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ሻሼ ወድቆ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ ያገኘኛል። እንደዚያ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም ልጄ።”

መርዋን ያንን የዲለሩን ግድግዳ አስታወሰ። የአባቱን የተጨፈኑ ዓይኖች…

ጋሽ ጣሃ መኪናውን የመረጡት በሚስታቸው ጆሮ ነበር።

እያለቀሰ ውጭ እንዳይቀመጡ ለመናቸው። “እሺ” አሉት… ልክ ጋሽ ጣሃ ሀይብሪዱን እሺ ብለው እንደተቀበሉት።

በማግስቱ ዲለሩ ጋ ሮጠ። አሮጌዋ ተሸጣለች። የቤንዚኑ ፒካፕም ተሸጦ አልቋል። አዘዘ።

ታዝዞ የመጣው ፌብሩዋሪ ላይ ነው።

ሃጀር የሞቱት ጃንዋሪ ላይ ነው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። ከብርዱ ይሁን አይሁን መርዋን አልጠየቀም። አባቱም አላነሡበትም።

ዛሬ ጋሽ ጣሃ የቤንዚኑን ፒካፕ ይነዳሉ። ማዕዘኑ ላይ ሲታጠፉ ነዳጅ ረገጥ ያደርጋሉ። ቤት ሲደርሱ ሞተሩን ቶሎ አያጠፉም… ፊት ለመታጠብና ሻሽ ለማስተካከል የሚበቃ ያህል ይጠብቃሉ።

ከዚያ ወርደው በሩን ራሳቸው ይከፍታሉ።

ወገኖቼ… ወላጅ “አይ፣ ይቅርብኝ” ሲል ሁሌም ይሉኝታ አይደለም። “ለምን?” ብሎ ጠይቆ መልሱ እስኪወጣ አብሮ መቀመጥ ምንም አያስወጣም። ባለመጠየቅ የሚመጣውን ግን ማንም ከፍሎ አይጨርሰውም።

እናንተስ… እናት ወይም አባታችሁ አልፈልግም ያሉትን ነገር በፍቅር ብላችሁ በግድ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያታቸውን ያወቃችሁት መቼ ነው? ኮሜንት ላይ እናንብባችሁ።